ፀሐይ በሞላበት አገር ስልካችን ለምን ይዘጋል? ስለ ሶላርና ፓወር ባንክ ማወቅ ያለብን

ስልክ ለስደተኛ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የእናት ድምፅ የሚሰማው በስልክ ነው። «ብር ልኬልሃለሁ፣ ቁጥሩን ያዝ» የሚባለው በስልክ ነው። «ለቃለ መጠይቅ ቅረቡ» የሚለው ጥሪ የሚመጣውም በስልክ ነው። ያ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ዘግቶ ከሆነ፣ እንደገና እስኪደወል ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ማንም አያውቅም። መንገድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጓደኛው ቢታመምበት ሰው የሚጠራበት፣ ያለበትን ቦታ የሚናገርበት ሌላ ነገር የለውም።

ሌላ ካምፕ ሆናችሁ ለምታነቡ፣ ፔካ 12 ከጅቡቲ ከተማ መሃል 12 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰፈር ነው። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፤ «ፔካ» በፈረንሳይኛ የኪሎ ሜትር ነጥብ ለማለት የሚጻፉት ሁለት ፊደላት ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው መንገድ በዚህ ያልፋል፣ ከባድ መኪኖች ይቆማሉ፣ አማርኛ በየሱቁ ይሰማል። ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር መብራት ይገዛል። ግን መስመር በአጠገብህ አለፈ ማለት ቤትህ መብራት አለ ማለት አይደለም። በቆርቆሮ ቤት የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ ስልኩን ይዞ የሰው ሶኬት መለመን አለበት። አሊ አዴና ሆል ሆል ካምፕ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ከከተማው የራቁ ናቸው።

ስለዚህ ሰው ወደ ፀሐይ ይዞራል። ያለን እሷ ናታ! ችግሩ ግን ብዙ ሰው ትንሽ ሶላር ይገዛና ከሁለት ሳምንት በኋላ «አይሠራም» ብሎ ጥግ ይጥለዋል። አንዳንዴ ዕቃው ፎርጂድ ነው። አንዳንዴ ግን ዕቃው ደህና ሆኖ አጠቃቀሙ ነው የሚበላሸው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ቁም ነገሩን መጀመሪያ ላስቀምጠው፦ ፀሐይ የምትመታው ፓነሉን ብቻ ይሁን፤ ስልክና ፓወር ባንክ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ። ቀን በፓነሉ ፓወር ባንኩን ሙሉ፤ ማታ ከፓወር ባንኩ ስልኩን ሙሉ። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

ቦኖና ጀሪካን

በዕቃዎቹ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ሰው ያደናግራሉ። በውሃ ካሰብናቸው ግን ቀላል ናቸው። ዋት ማለት ቦኖው ምን ያህል በፍጥነት ይቀዳል ማለት ነው። ዋት ሰዓት ማለት ጀሪካኑ ውስጥ ምን ያህል ውሃ ተጠራቀመ ማለት ነው። ፓነል ቦኖ ነው፤ ስልክና ፓወር ባንክ ጀሪካን ናቸው። 6 ዋት የሚሰጥ ፓነል ለ5 ሰዓት ቢሠራ 6 በ5 ሲባዛ 30 ዋት ሰዓት ይሰጣል። በቃ፣ ሂሳቡ ይኸው ነው።

ባትሪ ላይ ግን የሚጻፈው ዋት ሰዓት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ኤምኤኤች ነው። ለመቀየር ቁጥሩን ለ1,000 አካፍሉና በ3.7 አባዙ፤ 3.7 የሊትየም ባትሪ መደበኛ ቮልት ነው። ባለ 5,000 ኤምኤኤች ስልክ 18.5 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባለ 10,000 ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል።

እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። «10,000 ለ5,000 ሲካፈል ሁለት፤ ስለዚህ ሁለቴ ይሞላልኛል» ይላል። አይሞላም። ፓወር ባንኩ 3.7 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት ሲቀይር የተወሰነው ወደ ሙቀት ይሄዳል። ስልኩም ሲቀበል እንዲሁ ያባክናል። ከጀሪካን ወደ ጀሪካን ስንገለብጥ መሬት ላይ እንደሚፈሰው ማለት ነው። በተግባር ባለ 10,000 ፓወር ባንክ ባለ 5,000 ስልክን አንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ፣ ከዚያ ደግሞ ግማሽ ያህል ሊሞላ ይችላል። ይህን ያወቀ ሰው መንገድ ሲወጣ ወይም መብራት ሲጠፋ ስንት ቀን እንደሚያቆየው አስቀድሞ ማስላት ይችላል።

ከመግዛታችን በፊት

ፓነል ላይ የሚጻፈው ዋት የተለካው በፋብሪካ ነው፤ ብርሃኑ በአንድ ሜትር ካሬ 1,000 ዋት ሆኖ፣ ፓነሉም 25 ዲግሪ ሆኖ። ጅቡቲ ላይ ብርሃኑ አለ፣ 25 ዲግሪ ግን የለም። ስለዚህ «10 ዋት» የተባለ ደህና ፓነል በጥሩ ፀሐይ 6 ወይም 7 ዋት ከሰጠ ሥራውን ሠርቷል፤ አትዘኑበት።

ውሸታም ፓነልን ለመለየት ደብተር ይበቃል። ጥሩ ፓነል ካረፈበት ብርሃን ወደ መቶ 20 እጁን ነው ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው። አንድ ኤ4 ወረቀት የሚያህል ስፋት ከ12 እስከ 13 ዋት ብቻ ሊሰጥ ይችላል፤ የዚያ ግማሽ ደግሞ 6 ዋት ገደማ። ስለዚህ ሻጩ ወረቀት የሚያህል ፓነል ይዞ «30 ዋት ነው» ቢላችሁ ቦታው ራሱ አይበቃም። መለካት ያለበት ጥቁሩ ወይም ሰማያዊው ክፍል ነው፤ ጨርቁና ጠርዙ አይቆጠርም።

ፓወር ባንክን ደግሞ በሚዛን እንፈትነዋለን። በውስጡ ካሉት ባትሪዎች ክብ የሆነው የተለመደው ዓይነት አንዱ ከ45 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ጥሩ የሚባለውም የሚይዘው ወደ 3,500 ኤምኤኤች ነው። 10,000 ለመያዝ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል፤ ሽፋኑ ሲጨመር ወደ 200 ግራም ይጠጋል። ባለ 20,000 የተባለው 350 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። «50,000» ተብሎ ተጽፎበት ኪስ ውስጥ የማይከብድ ፓወር ባንክ ካገኛችሁ ውስጡ ባዶ ነው፤ አንዳንዱ ላይማ ክብደት እንዲመስል አሸዋ ይጨመራል። የሽንኩርት ሚዛን ያለው ሱቅ ከጎን አይጠፋም፣ አስመዝኑ። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ዋት ሰዓትም አንብቡ። ትልቁ ቁጥርና ደቃቁ ቁጥር የማይስማሙ ከሆነ ደቃቁን እመኑ።

አንድ የተለየ ዕቃ አለ፤ ጀርባው ላይ ትንሽ ሶላር የተለጠፈበት ፓወር ባንክ። በገበያ ላይ በጣም የሚያምረው እሱ ነው፣ ሰው የሚቆጨውም በእሱ ነው። ያቺ ትንሽ ሶላር እጅ መዳፍ ስለምታክል 1 ዋት ወይም 1 ተኩል ዋት ብትሰጥ ነው። 1 ዋት በቀን 5 ሰዓት፣ 5 ዋት ሰዓት። 37 ዋት ሰዓት ለመሙላት ከሳምንት በላይ ማለት ነው! ያም ሆኖ ሶላሯ እንድትሠራ ባትሪው ራሱ ፀሐይ ላይ መጣድ አለበት። ባትሪን ፀሐይ ላይ መጣድ ምን እንደሚያደርግ ከታች እናየዋለን። ስለዚህ ፓነሉና ባትሪው የተለያዩ፣ በኬብል የሚገናኙ ቢሆኑ ይሻላል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ጣሪያ ላይ የሚወጡ ትልልቅ ፓነሎች «12 ቮልት» ይባላሉ እንጂ ፀሐይ ላይ ምንም ሳይሰካባቸው 20 ቮልትና ከዚያ በላይ ያወጣሉ። ስልክ የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። ሽቦ ቆርጦ በቀጥታ ወደ ስልክ ማገናኘት ስልኩን ይገድለዋል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በመሃል የቮልት መቀነሻ ወይም ኮንትሮለር መኖር አለበት።

ፓነሉን እንዴት እናስቀምጠው?

ፓነል ፀሐይን ፊት ለፊት ማየት አለበት። እንዴት እናውቃለን? እርሳስ ወይም ስንጥር አምጡ፤ ፓነሉ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ጥላው ወደ አንድ ጎን ከረዘመ ፓነሉ ዞሯል። ጥላው እስኪጠፋ ድረስ ፓነሉን አዘንብሉት። ጥላው ሲጠፋ ፀሐይና ፓነል ተያዩ ማለት ነው። ልጆች ይህን ሥራ በጣም ይወዱታል፤ በየሰዓቱ እንዲያዞሩት ለእነሱ ስጧቸው።

ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ጅቡቲ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን በላይ፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ሰሜን ነች። በዚያ ወቅት ፓነሉን ዝም ብሎ ጠፍጣፋ ማስቀመጥ ይበቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ያኔ ፓነሉ ወደ ደቡብ ጋደል ይበል። ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አማራ ክልልም ሆነ አዲስ አበባ፣ ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጥላ ትልቁ ጠላት ነው። በፓነሉ ውስጥ ያሉት ቁርጥራጮች እንደ ባልዲ ቅብብሎሽ በሰልፍ የቆሙ ናቸው፤ አንዱ እጁን ካጠፈ ከኋላው ያለውም ይቆማል። ስለዚህ የልብስ ማስጫ ገመድ ጥላ ወይም አንድ ፌስታል ጥግ ላይ ቢያርፍ የሚቀንሰው ያን ጥግ ብቻ አይደለም፤ ግማሹን ኃይል ሊወስደው ይችላል። አቧራም እንደዚሁ ነው። በክረምቱ ወራት ካምሲን ሲነፍስ ፓነል በአንድ ቀን ግራጫ ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ለዚህ ብዙ ውሃ አታባክኑ፤ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል።

የኬብል ነገርም ይረሳል። 5 ቮልት ትንሽ ጉልበት ስለሆነ በቀጭንና ረጅም ኬብል መንገድ ላይ ይደክማል። ጣሪያ ላይ ካለ ፓነል ሦስት ሜትር ቀጭን ኬብል አውርዶ ስልክ ላይ ከመሰካት፣ ፓወር ባንኩን ከፓነሉ አጠገብ ጥላ ፈልጎ በአጭር ኬብል መሰካት ይሻላል።

ሙቀት፦ የእኛ ልዩ ችግር

ይህ ዓይነቱ በሻንጣ ላይ የሚታሰር ሶላር የተለመደው በተራራ ተጓዦች ዘንድ ነው። ሰሜን ተራሮችን በእግር የሚዞሩ ሰዎች ለብዙ ቀን ሶኬት ስለማያገኙ ይይዙታል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው ችግር ብርድ ነው። ብርድ ባትሪን ያደክመዋል፣ ስለዚህ ተጓዡ ማታ ስልኩን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ ይተኛል። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በበጋው... ይቅርታ፣ እዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ነው የሚነደው፣ ጥላ ውስጥ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ዕቃማ 60ን ያልፋል።

ፓነሉ ራሱ ሙቀት አይወድም። ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ ከመቶ 0.4 ገደማ ያጣል። ፓነሉ 65 ዲግሪ ከደረሰ ከመቶ 16 ያህሉ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔው ፓነሉን በጋለ ቆርቆሮ ላይ በቀጥታ አለማስተኛት ነው። ከሥሩ ሁለት እንጨት ወይም ድንጋይ አስገቡና ነፋስ ይለፍበት።

ባትሪው ግን ኃይል ማጣት ብቻ አይደለም፣ ይበላሻል። የሊትየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ብዙ ስልኮች ሲግሉ ቻርጁን ራሳቸው ያቆማሉ፤ «ሶላሩ አይሠራም» የምንለው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ሶላሩ እየሠራ ነው፤ ስልኩ ነው «አቃጠላችሁኝ» ብሎ በሩን የዘጋው። ይህን የማያውቁ ርካሽ ፓወር ባንኮች ደግሞ ዝም ብለው ይቀበላሉ፣ ዕድሜያቸው ያጥራል፣ ያብጣሉ።

ስለዚህ ባትሪው ጥላ ይፈልጋል፤ ነፋስም ይፈልጋል። ከፓነሉ ጀርባ ተለጥፎ የተቀመጠ ፓወር ባንክ ጥላ ውስጥ ቢሆንም ይግላል፤ ትንሽ ራቅ ይበል። ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አትዝጉት። እርጥብ ጨርቅም አትጠቅልሉበት፣ ውሃ ወደ ቀዳዳው ይገባል። በእጃችሁ ስትይዙት የሚያቃጥል ከሆነ ንቀሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ሰኩት።

ስልኩን በቀጥታ ከፓነል ጋር ማገናኘት የማይመከርበት ሌላም ምክንያት አለ። ደመና ወይም ሰው ሲያልፍ ኃይሉ ይቋረጥና ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር የስልኩ ስክሪን ይበራል፤ አንዳንድ ስልክ ደግሞ ከተቋረጠ በኋላ በዝግታ ብቻ ነው የሚቀበለው። ፓወር ባንክ ግን ይህን ይችለዋል፤ ያገኘውን ይቀበላል፣ ማታ ያለ መቆራረጥ ይሰጣል።

በእግር ለሚጓዝ ሰው

ፓነልን ሻንጣ ላይ አስሮ መሄድ ያምራል፤ የሚገኘው ግን ጥቂት ነው። ሰው ሲራመድ ጀርባው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ፓነሉም ቀጥ ብሎ ስለሚንጠለጠል የቀትር ፀሐይን በጎን ነው የሚያየው። ከቆመ ፓነል ግማሹን ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ ስትወጣ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ጀርባው ይመታለታል፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ግን ምንም አያገኝም።

ግን ለእኛ አገር የሚስማማ ነገር አለ። በዚህ ሙቀት ቀትር ላይ መራመድ ለሕይወት አደገኛ ነው፤ የሚኬደው ማለዳና አመሻሽ ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የማረፊያ ጊዜ ነው። የፓነሉ የሥራ ሰዓት ደግሞ በትክክል ያው ነው። ሰው ጥላ ውስጥ ይረፍ፣ ፓነሉ ፀሐይ ላይ ይዘርጋ፣ ፓወር ባንኩ ከሰው ጋር ጥላ ውስጥ ይሁን። በ5 ሰዓት ከባለ 10 ዋት ፓነል 30 ዋት ሰዓት አካባቢ ይወጣል፤ ፓወር ባንኩ ውስጥ የሚገባው 25 ያህል ነው። አንድ ስልክ ሙሉ ለመሙላት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ይሰመርበት፦ የተሞላ ስልክ ውሃን አይተካም። ክብደት የሚቀነስ ከሆነ ከዕቃው ይቀነስ እንጂ ከውሃው አይቀነስ። በረሃ ውስጥ ኔትወርክ የሌለበት ቦታም ብዙ ነው፤ ሙሉ ባትሪ ይዞ የሚደወልለት ማጣት አለ። መንገድ ከመውጣት በፊት በየት በኩል እንደምትሄዱና መቼ እንደምትደርሱ ለሰው ንገሩ። የአስፈላጊ ሰዎችን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉና ለብቻ ያዙት።

ሱቅ፣ መኪናና ምስጢራችን

ሶላር የሌለው ሰው ሱቅ ሄዶ ከፍሎ ቻርጅ ያስደርጋል። አንድ ጊዜ 50 ፍራንክ ነው እንበል፤ በቀን አንዴ ከሆነ በወር 1,500 ፍራንክ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.7 ስለታሰረ ያ ወደ 8 ዶላር ተኩል ይሆናል። ሦስት ስልክ ላለበት ቤት በሦስት አባዙት። በእናንተ ሰፈር ያለውን ዋጋ አስገቡና የፓነሉን ዋጋ ለዚያ አካፍሉት፤ በስንት ወር እንደሚመለስ ታያላችሁ።

ከገንዘቡ የበለጠው ነገር ግን ሌላ ነው። ስልካችን ውስጥ የመታወቂያችን ፎቶ አለ፣ የጉዳያችን ወረቀት አለ፣ የቤተሰብ ቁጥር አለ። ያንን ለማናውቀው ሰው ለሦስት ሰዓት ሰጥቶ መሄድ ከባድ ነው። ስለዚህ ሱቅ የሚሄደው ፓወር ባንኩ ይሁን፣ ስልኩ ከእናንተ ጋር ይቅር። ፓወር ባንክ ቢጠፋ ገንዘብ ነው የሚጠፋው፤ ምስጢር አይወጣም። ስልኩን የግድ የምትሰጡ ከሆነ አጥፍታችሁ፣ በቁልፍ ዘግታችሁ፣ ሲም ካርዱን አውጥታችሁ ስጡ።

በመኪና ለሚሄዱ ደግሞ፣ የትንሽ መኪና ባትሪ 12 ቮልት ሲሆን የከባድ መኪና 24 ቮልት ነው። የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ቻርጀር «12-24» የሚል ካለበት ለሁለቱም ይሆናል። «12» ብቻ ከሆነ ከባድ መኪና ላይ አትሰኩት።

ያለውን መቆጠብ

የተቆጠበ ባትሪ እንደ ተጨማሪ ፓነል ነው። ስልክን ከሁሉ በላይ የሚጨርሱት የስክሪን ብርሃንና ኔትወርክ ፍለጋ ናቸው። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ስልኩ እየጮኸ ይፈልጋል፤ እዚያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉትና በየሰዓቱ አንዴ ከፍታችሁ እዩ። ጂፒኤስ በኤርፕሌን ሞድም ይሠራል። ካርታውን ኔትወርክ ባለበት አስቀድማችሁ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ያሳያችኋል። ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን ከመደወል መልእክት መጻፍ ይሻላል፤ ጥሪ በተቆረጠበት ቦታ አጭር መልእክት ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል።

ጥሪ የምትጠብቁ ሰዎች ደግሞ ባለ ቁልፏን ትንሽ ስልክ አትናቋት። ባትሪዋ 1,000 ኤምኤኤች ቢሆን፣ ማለትም ከ4 ዋት ሰዓት በታች፣ ለቀናት ትቆያለች። ለቢሮ የሰጣችሁትን ቁጥር ሲም እሷ ውስጥ አስገቡት። ትልቁ ስልክ ለዋትሳፕና ለቴሌግራም ይሁን። ትልቁ ቢዘጋ እንኳ ያ ጥሪ አያመልጣችሁም።

ያበጠ ባትሪ

የስልኩ ጀርባ ተነሥቶ ካያችሁ፣ ፓወር ባንኩ ሆዱ ካበጠ ወይም እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ነገር ከወጣው፣ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ። «ትንሽ ልተንፍሰው» ብሎ በመርፌ የሚወጋ ሰው ሰምቻለሁ፤ ይህ ፈጽሞ አይደረግም፣ በቅጽበት ሊነድ ይችላል። ከቤት አውጡት፣ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አሸዋ ላይ አስቀምጡት። ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። በቤት ውስጥ ከተነሣ መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ከዚያ ከራቀ ቦታ ብዙ ውሃ ይፈሰስበት። በሸራና በቆርቆሮ ቤት እሳት ከአንዱ ወደ አንዱ ለመዛመት ደቂቃ አይፈጅበትም። ስለዚህ ቻርጅ ላይ ያለ ነገር ትራስ ሥር ወይም ፍራሽ ላይ አይደር።

ሁልጊዜ እስከ ዜሮ ማድረስም፣ ሁልጊዜ መቶ ላይ አድርጎ በሙቀት ማስቀመጥም ባትሪን ያስረጃል። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበትን ፓወር ባንክ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት።

በአውሮፕላን ለምትሄዱ

ተሳክቶላችሁ ወደ ሦስተኛ አገር የምትሄዱ ሰዎች ካላችሁ፣ ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ይህም ወደ 27,000 ኤምኤኤች ነው። ጽሑፉ የጠፋ ወይም ያበጠ ፓወር ባንክ በፍተሻ ሊወሰድባችሁ ይችላል።

አብሮ መጠቀም

በዮርዳኖስ ያለው አዝራቅ የሚባለው የስደተኞች ካምፕ እ.ኤ.አ. በ2017 የ2 ሜጋ ዋት የሶላር ጣቢያ ተሠርቶለታል። እንዲህ ያለው ነገር ወደ እያንዳንዱ ካምፕ እስኪደርስ መጠበቅ አንችልም። ግን አንድ ባለ 20 ዋት ደህና ፓነል በቀን 60 ዋት ሰዓት አካባቢ ያወጣል። የሚባክነው ተቀንሶ ሁለት ስልክና አንድ ትንሽ የማታ መብራት ይችላል። ሁለት ጎረቤት ተዋጥቶ ቢገዛ፣ አንዱ ፓነሉን ቢያዞር ሌላው ባትሪውን ቢጠብቅ፣ ብቻውን ርካሽ ፎርጂድ ከሚገዛ ሰው ይሻላሉ። የተማረ ልጅ ካላችሁ ሂሳቡን ለእሱ ስጡት፤ ዋት በሰዓት ማባዛት የአምስተኛ ክፍል ሥራ ነው።

ነገ ጠዋት የምትጀምሩት እንግዲህ ይህ ነው፦ ፓነሉን ጥረጉ፣ ከቆርቆሮው ከፍ አድርጉ፣ በእርሳስ ጥላ አስተካክሉ፣ ፓወር ባንኩን በአጭር ኬብል ጥላ ውስጥ ሰኩ። ማታ ስልኩን ሙሉ። ይህን ጽሑፍ ስልኩ ለዘጋበት ጎረቤታችሁም አንብቡለት።